ቀላሉ ሥዕል ለምን ዘገየ

የመመረቂያ ሥራዬን የሠራሁት ፍኖተ ሰላም፣ አክስቴ የሠርግ ቪዲዮ በሚያቀናብሩበት ሱቅ ውስጥ ነው። ቡሬ ወላጆቼ ቤት ያለችኝ ላፕቶፕ አቅም አልነበራትም፤ የአክስቴ ኮምፒውተር ግን ደህና የግራፊክስ ካርድ ነበረው። እኔ የምለካው ካርዱ አንድ ሥዕል ስሎ ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ነው።

ልኬቱ እንቢ አለኝ። አንድ ሣጥን ብቻ ያለበት ሥዕል፣ በቅርጽ ከታጨቀው ሥዕል የበለጠ ጊዜ ፈጀ። አማካሪ መምህሬ በስልክ ስነግራቸው የኔ ስህተት መሆኑን አልተጠራጠሩም። ስህተቱ ካልተገኘ ቁጥሮቹን እንዳስተካክላቸው መከሩኝ።

«ያላየሁትን ቁጥር አልጽፍም» አልኋቸው።

«እንግዲያው መመረቁን እርሺው» ብለው ዘጉት።

በዚያ ክረምት ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር የምጠይቀው አልነበረኝም። አባቴ ከቡሬ እየደወለ፣ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን እንዳልጥል ይለምነኛል። የመለኪያ ፕሮግራሜን ኮድ ከላይ እስከ ታች ፈተሽሁት። ካርዱ ሥራውን ሳይጨርስ ሰዓቱ እንዳይነበብ አደረግሁ። ኮምፒውተሩንና ካርዱን የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አጥፍቼ እንደገና ጫንሁት። ያው ነው።

አንድ የገበያ ቀን አክስቴ የሙሽሮች ቪዲዮ ሊያወጡ ፈልገው ወንበሩን ለቀቅሁላቸው። እንደጨረሱ ወዲያው ተቀምጬ ለካሁ። ቀላሉ ሥዕል ቀደመ! ጥቂት ቆይቼ ስደግመው ግን እንደገና ተገለበጠ።

ያኔ ገባኝ። ሥራው ቀላል ሲሆን ድራይቨሩ ኃይል ለመቆጠብ የካርዱን ፍጥነት ዝቅ ያደርገዋል፤ ከፍ የሚያደርገው ከባድ ሥራ ሲመጣ ነው። እኔ ስለካ የከረምሁት ያንቀላፋ ካርድ ነበር፤ የአክስቴ ቪዲዮ ግን ከባድ ሥራ ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ አንቅቶት ነበር። በድራይቨሩ ማስተካከያ ውስጥ ሙሉ ኃይል የሚለውን መረጥሁ፤ ከመለካቴ በፊትም ካርዱን በከባድ ሥራ አሟሟቅሁት። ቁጥሮቹ ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

አማካሪዬ ማብራሪያዬን ተቀበሉ። የተዘበራረቀውን የመጀመሪያ ውጤት ግን ከጽሑፉ እንዳወጣው አዘዙኝ። አላወጣሁትም። ሥራዬን ባቀረብሁበት ቀን ሁለቱንም ውጤት ጎን ለጎን አሳየሁ።

«ስህተት መሆኑን እያወቅሽ ለምን አመጣሽው?» አሉኝ አማካሪዬ በፈታኞቹ ፊት።

«ስህተት አይደለም መምህር። ካርዱ የሠራው እንዲህ ነው። ነገ ሌላ ተማሪ ይኸው ሲገጥማት፣ ቁጥርሽን ቀይሪ እንዳትባል ብዬ ነው።»

የተሰጠኝ ውጤት ለማለፍ ብቻ የሚበቃ ነበር። አባቴ በሰማ ጊዜ አዘነ፤ አክስቴ ግን አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። እኔም ቀና ብዬ ተመረቅሁ። ያን የመጀመሪያ ልኬት ዛሬም አውጪው ብባል አላወጣውም።