ያለ ሰው ቢሮ መግባት

እሑድ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የበረርኩት ቢሮ ልለምን ሳይሆን ቢሮ ልፈትን ነው። ጥናቴ መረጃ ስለ ማግኘት መብት ነው። ሕጉ ማንም ሰው ምክንያቱን ሳይናገር ከመንግሥት ቢሮ መረጃ መጠየቅ ይችላል ይላል። እውነት ይቻል እንደሆነ ለማየት እንደ ማንኛውም ሰው፣ ያለ ድጋፍ ደብዳቤና ያለ አማላጅ ሄጄ እጠይቃለሁ። የቀሩኝ ሁለት ቢሮዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱ ከተበላሹብኝ አንድ ምዕራፍ አብሮ ይወድቃል።

ያረፍኩት ዓባይ ማዶ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ አያሌው ቤት ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣላቸው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ሰኞ

ጠዋት በባጃጅ ድልድዩን ተሻግሬ አንድ የከተማ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ሐይቁን የወረረውን እምቦጭ ለማስወገድ የወጣውን የዘንድሮ ዕቅድ ማየት እንደምፈልግ ለጸሐፊዋ ነገርኳት።

«ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም።»

«እና ምን ያደርግልሻል?»

«ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ሳቋ አመለጣት። «የኔ እመቤት፣ ከመሥሪያ ቤትሽ ደብዳቤ አምጪ።»

መከልከልም ለጥናቴ ውጤት ነውና ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ተከልክሎ የሚፈነድቅ ሰው ከራሴ በቀር አይቼ አላውቅም። ሐይቁ ዳር ተቀምጬ፣ የተጠበሰ አሣ በአዋዜ እየበላሁ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ።

ማክሰኞ

በጀልባ ወደ ዘጌ። አጠገቤ የተቀመጡ ቄስ «ለስእለት ነሽ?» አሉኝ።

«አይ አባ፣ ለቢሮ ጉዳይ ነው።»

«እሱም ስእለት ያሻዋል» ብለው ጀልባውን ሙሉ አሳቁት።

የምሄድበት ጽሕፈት ቤት በር ላይ ግን ኃላፊው ራሱ ቆሞ ጠበቀኝ። «የጋሽ አያሌው ልጅ! ግቢ፣ ግቢ!» አለኝ። ወንበር ተጠረገ፣ ሻይ መጣ፣ የጠየቅኩትም ያልጠየቅኩትም ዕቅድ ቅጂ ተሰጠኝ። ወረቀቱን ታቅፌ ልቤ ስብር አለ። ሰኞ ማታ የት እንደሄድኩና ወዴት እንደምሄድ ለአጎቴ አጫውቻቸው ነበር፤ ደውለው ነግረውታል፤ ያለ አማላጅ የተባለው ጥናቴ አማላጅ ገብቶበታል።

አመሻሽ ላይ ጋሽ አያሌው ምስጋናቸውን እየጠበቁ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ልቆጣ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ቁጣዬ ከዳኝ።

«ደወልሁለት እኮ! የእህቴ ልጅ ደጅ ስትጠና ዝም ብዬ ልይ?»

«ጋሽዬ፣ እርስዎን የመሰለ ዘመድ የሌለውስ?»

«እሱማ ደጅ ይጠናል» አሉ። ያሉት ነገር ለራሳቸውም አልጣማቸውም።

ረቡዕ

ጋሽ አያሌው ሳይነግሩኝ ማልደው ወጡ። ሲመለሱ ባርኔጣቸውን ወንበር ላይ ወረወሩት። እኔን የመለሰችኝ ጸሐፊ ዘንድ ሄደው ያንኑ ዕቅድ ጠይቀው ኖሯል።

«ዕድሜዬን ባስተማርሁበት ከተማ ‹አባባ፣ ማን ልኮዎት ነው?› ተባልሁ! አለቃዋ እኮ ተማሪዬ ነበር፤ ስልኬን አውጥቼ ነበር።»

«ደወሉለት?»

«መልሼ ኪሴ ከተትሁት። ማመልከቻ ጽፌ አስገባሁ። እንደ ሰዉ ልጠብቅ።»

ተነስቼ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው።

አዲስ አበባ

ቤቴ ገብቼ የዘጌውን ውጤት አልጣልኩትም። ስለሚደወልላቸው ሰዎች ራሱን የቻለ ክፍል አድርጌ ጻፍኩት፤ ምዕራፉም ተረፈ። ሰውን ደጅ የሚያስቆመው የቢሮ ክፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። የዘመድ ደግነትም እጁ እንዳለበት ያወቅሁት በዚህ ጉዞ ነው።

ትናንት ደውዬ መልስ አገኙ ወይ ብዬ ጋሽ አያሌውን ጠየቅኳቸው።

«ገና ነው» አሉኝ፣ ደስ ባለው ድምፅ። «አንዲት አሣ ነጋዴ ከእኔ በፊት አመልክታ ትጠብቃለች። እሷ ሳታገኝ እኔ ብቀድም ነውር ነው።»