ሲየና ገና ነው

ኮረብታዋ ላይ የወጣነው በማለዳ ነው። ትዕዛዙ አጭር ነበር፦ «የሚተካችሁ ጦር እስኪደርስ እንዳትለቁ።» ውኃ የምንቀዳው ከታች ከወንዙ ነበር። በማግስቱ ከማዶ ያሉት ወንዙን ያዙት። ከዚያ በኋላ በኮዳ የያዝነው ብቻ ቀረን።

የእህቶቼ ልጆች «ጦር ሜዳ እንዴት ነበር?» ይሉኛል። አገሬ መሸንቲ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማርሁት፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ስለዚህ ልጻፍላቸው።

አሥራ ሁለት ነበርን። ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ሥራዬ ቁስል ማሰር ነው። መትረየሱን የያዘው ጌትነት የባሕር ዳር ልጅ ነበር። ከመዝመቱ በፊት እንግዶችን በጀልባ ወደ ጣና ገዳማት የሚወስድ አስጎብኚ ነበር። አንድ ጊዜ ያስጎበኛቸው ጣሊያናውያን ባልና ሚስት አገራቸው ጠርተውት፣ ፍሎረንስ የምትባለውን ጥንታዊ ከተማና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች እያዞሩ አሳይተውታል።

ከቀትር በኋላ ተኩሱ ጋብ ይላል። ያኔ ጌትነት የምሽጉን ግድግዳ ተደግፎ ያስጎበኘን ነበር። «ክቡራን እንግዶች፣ ተከተሉኝ» ይላል። ወርቅ ቤቶች የተደረደሩበትን ድልድይ ያሻግረናል። ከከተማ አውጥቶ ወይን በለበሱ ኮረብቶች መካከል ይወስደናል። ፒሳ የምትባል ከተማ ወስዶ የዘመመውን ግንብ ሲያሳየን የመቶ አለቃችን «እኛ ሰፈር እንዲህ የዘመመውን ያፈርሱታል እንጂ ገንዘብ ከፍለው አያዩትም» አሉ።

ፍሎረንስ ገበያ አጠገብ ከአፉ ውኃ የሚንጠባጠብ የነሐስ ከርከሮ አለ፤ እንግዳ ሁሉ አፍንጫውን እያሻሸ ያልፋል አለን። የመራዊው ታደሰ ተቆጣ።

«ከከርከሮ አፍ? ወግድ! የንስሐ አባቴ ምን ይሉኛል?»

«ዛሬ ብታገኘው አፍንጫውን ትስመው ነበር» አሉት መቶ አለቃው።

ሳቅን። ከንፈራችን ተሰነጣጥቆ ስለ ነበር ሳቁም ያማል።

ከፍሎረንስ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በር ስንደርስ ጌትነት ወደ እኔ ዞረ። «ሴቶች ጀልባው ላይ ይቆዩ» አለ።

ከጣና ደሴቶች አንዳንዶቹ ላይ ሴት ገዳሙ አትገባም። ወንዶቹ ተሳልመው እስኪመለሱ እኛ ጀልባው ላይ እንጠብቃለን። እኔም ከእናቴ ጋር ጠብቄአለሁ። ጌትነት አፉ ለምዶበት ነው።

«እዚያም ሴት አይገባም እንዴ?» አለ ታደሰ።

«ኧረ ይገባል!» ጌትነት ግንባሩን መታ። «ይቅርታ እቴ፣ ግቢ!»

አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። እነሱ በውስጥ ባለው ደረጃ ጉልላቱ ጫፍ ወጡ፤ እኔ በሐሳብም በሩ ላይ ቀረሁ።

ጉብኝቱ የሚያልቀው ሲየና በምትባለው ከተማ ነበር። አደባባይዋ ወደ መሐል ያዘቀዘቀ፣ በጡብ የተነጠፈ ነው። ሲዞር ውሎ የደከመው ሁሉ ጡቡ ላይ ጋደም ይላል። «ማንም ተነሡ አይላችሁም» ይለን ነበር። እኛ አብልጠን የምንወደው ሲየናን ነው።

አንድ ጠዋት ሞርታር ወረደብን። ታደሰ መጀመሪያ ወደቀ። ከእሱ በኋላ ማን እንደ ወደቀ ለማየት ጊዜ አልነበረም። ቀትር ላይ መትረየሱ ዝም አለ። እየተሳብሁ ሄድሁ። ጌትነት ሆዱን ተመትቷል። የነበረኝን ፋሻ ሁሉ አሰርሁበት። መቶ አለቃው መትረየሱን ራሳቸው ያዙ።

«የሚተኩን ሲመሽ ይደርሳሉ፣ ቃሬዛ ይዘዋል» አሉኝ። «እንዳይተኛ። ከተኛ አይነሣም። አናግሪው!»

ምን ብዬ? የቀሩት ሁሉ እየተኮሱ ነው። ዓይኑ ሲከደን አየሁ።

«ክቡራን እንግዶች» አልሁ። «ተከተሉኝ።»

ዓይኑን ገለጠ።

ድልድዩን አሻገርሁት። ወርቅ ቤቶቹን አሳየሁት። ስሳሳት ያርመኛል፤ ይህን ሳይ ሆን ብዬ መሳሳት ጀመርሁ። «ከርከሮው የእንጨት ነው» ስለው «የነሐስ ነው፣ እቴ» ይላል። ተኩሱ ሲበረታ ጆሮው ላይ እጮሃለሁ። ከዚያ በፊት ጮኼ አላውቅም።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ቆምሁ።

«ምነው?» አለ።

«በሩ ላይ ነን።»

«ግቢ እንጂ። ብቻዬን ልውጣው?»

ገባሁ። የጉልላቱን ደረጃ ጀመርን። ጠባብ ነው፤ ጨለማ ነው፤ ይዞራል።

«ሲየና እንሂድ» አለ።

«ገና ነው።»

«ደከመኝ። ጡቡ ላይ ጋደም ልበል።»

«ሲየና ገና ነው። ደረጃው አላለቀም።»

ውኃ ለመነኝ። ኮዳው ባዶ ነው። «ጫፉ ላይ ምንጭ አለ» ብዬ ዋሸሁት። ደረጃው እንዳያልቅ እየጨመርሁበት ወጣን። የሌለ መስኮት ከፍቼ ጣናን አሳየሁት።

«ከዚያ ጣና አይታይም» አለ። ፈገግ ያለ መሰለኝ።

«ደኅና አድርገህ እይ። ያውልህ ደቅ ደሴት።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ከኋላችን ፊሽካ ተሰማ። የሚተካን ጦር ነበር። ጌትነትን ቃሬዛ ላይ አነሡት። እጄን አልለቀቀም።

«ደረስን?» አለኝ።

ቃሬዛው መጥቷል፤ ከታች ሐኪም አለ። በቃ፣ ተረፈ ብዬ አሰብሁ።

«ደርሰናል፣ ወንድሜ። ሲየና ነን። ጋደም በል፤ ማንም ተነሥ አይልህም።»

ዓይኑን ከደነ። ቁልቁለቱን ሳንጨርስ እጁ ቀዘቀዘ።

በእግራችን የወረድነው አራት ነን። መቶ አለቃው አሰልፈው የሁላችንንም ስም ጠሩ። የሌለው ስም ሲጠራ የቅርብ ጓዱ «ቀርቷል» ይላል። ጌትነት ሲባል እኔ «ቀርቷል» አልሁ። ስምንት ሞተውብናል። ከማዶ የወደቁትን እናቶቻቸው ይቁጠሯቸው፤ እኛ አልቆጠርናቸውም።

ሐኪሙ ኋላ ላይ «ባይተኛም አይተርፍም ነበር» አለኝ። ይሁን። ሐኪም ነውና አውቆ የተናገረ ነው።

ባለፈው ጥር እናቴን ይዤ ለመሳለም በጀልባ ሄድሁ። ደሴቱ ስንደርስ ወጣቱ አስጎብኚ «ሴቶች ጀልባው ላይ ይቆዩ» አለ። ወንዶቹ ወረዱ። ውኃው ጸጥ ብሏል። እናቴ ጋቢዋን አግዳሚው ላይ አነጠፈችልኝ።

«ደክሞሻል ልጄ፤ ጋደም በይ።»

«ገና ነው፣ እማዬ» አልኋት።