«ማዳም ፓርዶን» ያሰኙኝ ጠበቃ

ጋሽ ዘውዱ ሞቱ ይሉኛል። አላምንም።

ጠዋት ስልኬን ስከፍት ፎቷቸውና ሻማ አንድ ላይ ተለጥፎ አየሁ። ፌስቡክ በቁሙ የገደለው ሰው ስንት ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛው ሲለጥፍ፣ ሦስተኛው ሲለጥፍ ግን አላስቻለኝም። ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ያለው ቢሯቸው ደወልኩ። ጸሐፊያቸው ሃዋ ስልኩን ያነሳችው እያለቀሰች ነው።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ዘውዱ እዚሁ ጅቡቲ ተወልደው እዚሁ ያረጁ የእኛው ሰው ነበሩ፤ አባታቸው በባቡሩ ዘመን የመጡ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የወንጀል ችሎት የቆሙ ጠበቃ።

«የድሆች አባት»፣ «ትሁቱ ሰው» እያላችሁ የምትለጥፉ ግን ስለማን ነው የምታወሩት? ትሁት? እኔን እኮ ካሰሩኝ ፖሊሶች ይልቅ ያስለቀሱኝ እሳቸው ናቸው።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ በሐሜት ነው የምታውቁት። ዛሬ ከራሷ ከባለታሪኳ ስሙት።

ከስድስት ዓመት በፊት ሆዳን ሰፈር አንድ ቤት ተቀጥሬ፣ እዚያው እያደርኩ እሠራ ነበር። የማዳም የወርቅ አምባር ጠፋ። ማዳም ጮኸች። እኔም እንደ ልማዴ «ፓርዶን ማዳም» አልኩ። ልጆቿ ሳህን ሲሰብሩ ፓርዶን የምለው እኔ ነበርኩ፤ መብራት ሲጠፋም ፓርዶን። ያደግነው እንደዚያ ነዋ! ትልቅ ሰው ሲቆጣ ይቅርታ ብለሽ ታበርጃለሽ እንጂ አጥፍተሽ አይደለም። ፖሊስ ጣቢያም ሲያፈጡብኝ ያንኑ ደገምኩ። በፈረንሳይኛ ጻፉት፣ ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ። ወረቀቱ «ጥፋቷን አምና ይቅርታ ጠይቃለች» ይል ኖሯል።

የማኅበራችን ሽማግሌዎች መላ አመጡ፤ ማዳምን እንደገና ይቅርታ ልጠይቅ! አክስቴ ናት «ሽምግልናችሁ ባፍንጫዬ ይውጣ፣ ያንን ምላሰኛ ጠበቃ ጥሩልኝ» ያለችው።

ጋሽ ዘውዱ እስር ቤት መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሰላምታ የለም።

«ሰርቀሻል?»

«ኧረ በማርያም፣ ጋሼ!»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ይቅርታ ያልሽው?»

«እንዲበርድላት ብዬ ነው።»

እስክሪብቷቸውን ወረቀቱ ላይ ወረወሩት። «ሰርቀሽ ቢሆን ኖሮ አንቺን ማስወጣት ይቀለኝ ነበር። ሌባ እንኳ ይክዳል! ከዛሬ ጀምሮ ይቅርታሽን ለቅዳሴ አስቀምጪው።»

በመጡ ቁጥር ይህችን አይረሷትም። እኔ ሳለቅስ እሳቸው ሰዓታቸውን ያያሉ። ችሎት ላይ ምን ልበል ብላቸው «ምንም አትዘጋጂ፣ አንቺ ስታስቢ ነው ነገር የሚበላሸው» አሉኝ።

የችሎቱ ቀን የሴቶች ማኅበራችን በሙሉ መጥቶ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ያቺን ወረቀት አነበበ። ጋሽ ዘውዱ ዳኛውን አስፈቅደው በአማርኛ ሊጠይቁኝ ተነሱ። ቀስ ብለው ተጠጉኝና ድንገት አምባረቁብኝ።

«አንቺ! ዛሬ ጠዋት የመኪናዬን ጎማ ለምን አስተነፈስሽው?»

እግዜር ምስክሬ ነው፣ ካፌ የወጣው «ይቅርታ ጋሼ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» የሚል ነው።

አስተርጓሚው ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ዳኛው እንኳ ፊታቸውን በወረቀት ሸፈኑ።

«ክቡር ዳኛ» አሉ ጋሽ ዘውዱ፣ «ይህች ሴት ጠዋት በካቴና ታስራ ነው ከወህኒ ቤት የመጣችው። ጎማዬም ደህና ነው። ስርቆት እኮ ትንሽ ጭንቅላት ይጠይቃል። እስቲ እዩአት!» አስተርጓሚው ይቺንም አላስቀራትም።

ተፈታሁ። አምባሩ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በር ላይ አክስቴ እልል ስትል እኔ «ጋሼ፣ አዋረዱኝ» አልኳቸው።

«አዎ፣ አዋርጄሻለሁ። ከወህኒ ቤቱ የሚሻልሽ መስሎኝ ነው» ብለው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ስሜ «ማዳም ፓርዶን» ሆነ። አምቡሊ ሰፈር ያለችው ሱቄ ድረስ እየመጡ ሆን ብለው ይገፉኛል፣ የምለውን ለመስማት። ሊያጨኝ የመጣ ሰው እንኳ ነገሩን ሰምቶ እየሳቀ ነው የሄደው። እነማን እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ሻማ ከለጠፋችሁት ውስጥ አላችሁ።

እኔም ጋሽ ዘውዱን ዘጋኋቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ባርኔጣቸውን ሲያነሱልኝ እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ።

ዛሬ ሃዋ ለቅሶዋ በረድ ሲልላት ምን አለችኝ? «ሰኞ ሰኞ ቢሮ ሲገቡ፣ ‹ትናንትም ዘጋችኝ! ያቺ ልጅ ድናለች› እያሉ ይስቁ ነበር። ደስ ይላቸው ነበር እኮ።»

ደስ ይላቸው ነበር! እኔ በንዴት ስበግን፣ እሳቸው ኩርፊያዬንም ካሸነፏቸው ክሶች ጋር ደምረውታል።

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እውነትም ከዚያ ቀን ወዲህ ላልሠራሁት ነገር ማንንም ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። ሲገፉኝ እገፋለሁ። ይህን ማሰቤ ራሱ አናደደኝ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ጋሽ ዘውዱ፣ በቁምህ አንቱ እያልኩህ ኖሬያለሁ። ዛሬ አንተ ልበልህ፤ ልክ ልኬን ልትነግረኝ አትችልም።

ነገ ቀብርህ ላይ እመጣለሁ። ከኋላ እቆማለሁ። ዓይኔ ካበጠም ጉንፋን ነው እላለሁ። ያስፈታኸኝም አንተ ነህ፣ ያዋረድከኝም አንተ ነህ፤ አንዱን ስላመሰገንኩህ ሌላውን አልረሳልህም። ታርቀን ነበር ብዬም ሰው ፊት አልዋሽም።

እንደተኳረፍን ሂድ። መቼም ደስ ይልሃል። ደህና ሁን፣ ጋሼ።