ሮብ ቢሆንስ!

የልጅ ልጆቼ ሰሞኑን ባቱ ደርሰው መጡ። እኛ ዝዋይ ነበር የምንለው። ሐይቁ ላይ የተነሱትን ፎቶ በስልክ እያሳዩኝ «እማምዬ፣ አንቺም በልጅነትሽ ጀልባ ላይ ወጥተሻል አሉ፤ እስቲ ንገሪን» ብለው ያዙኝ። እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ ትልቋ ትጽፋለች፣ እኔ አወራለሁ።

ያን ጊዜ ወንጂ፣ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። ወገኖቼ ከሰሜን ለሸንኮራ ሥራ የመጡ ናቸው፤ እኔም አገዳ አርማለሁ። ፊት አገዳ፣ ኋላ አገዳ። ክረምቱ እንደወጣ፣ ሽንኩርት ሊጭን ዝዋይ የሚሄድ መኪና አገኘሁና ተሳፈርኩ።

«ሴት ልጅ ብቻዋን ሐይቅ ልታይ? ምን ቆርጦሽ!» ብላ አክስቴ ከደጅ ጮኸች። መኪናው ሄደ፣ እኔም ሄድኩ።

ቆቃ ስንደርስ ረግረጉ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ለዕርቅ እንደተሰበሰቡ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል። መቂ ላይ አየሩ ራሱ ቲማቲም ቲማቲም ይሸታል። ዓይኔ ጠግቦ አያውቅም ነበርና አፌን ከፍቼ ሳይ ዋልኩ።

ዝዋይ ስደርስ ግን ጀልባ ላይ የሚያወጣኝ ጠፋ። ኦቦ ጀማል የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ «ሴት ከወጣችበት ዓሣው ይሸሻል» አሉኝ።

«ዓሣው ማን ሆኖ ነው እኔን የሚሸሸኝ?»

አጥማጆቹ ሳቁ። «ሂጂ እባክሽ፣ ባል ፈልጊ!» አለ አንዱ።

«ካንተ ዓይነቱስ ይቅርብኝ። እስክታወጡኝ ከዚህ አልነሳም» አልኩና ደንገሉን በጀርባዬ አድርጌ ውሃው ዳር ቁጭ አልኩ። አንዲት ዓሣ ጠባሽ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ትኩስ ቆሮሶ ዓሣ በሚጥሚጣ ሰጠችኝ። ገና አንድ ጊዜ ስጎርስ ኦቦ ጀማል ከጀልባቸው ብድግ አሉ።

«ሮቢ! ሮቢ! ኧረ ተይ፣ ተነሺ!»

ከኦሮምኛ የማውቀው ሰላምታና ከገበያተኞች የለቀምኳቸውን የቀን ስሞች ነው። ሮቢ ማለት ሮብ ነው። ቀኑም ሮብ ነበር። አክስቴ ደግሞ ዓሣ ጾም ያስፈታል ባይ ናት። ማተቤን አይተው ነው አልኩ። እሳቸው ሙስሊም፣ የኔን ጾም ምን አገባቸው?

«ሮብ ቢሆንስ!» ብዬ ዓሣውን ከፍ አድርጌ ጮህኩ። «እበላለሁ! አልነሳም!»

ከኋላዬ ደንገሉ ተንኮሻኮሸ፣ ውሃው ተንቦጫረቀ። ከብት ውሃ ሊጠጣ የወረደ መስሎኝ ዞሬም አላየሁ፤ መጉረሴን ቀጠልኩ። ድምፁ ሲርቅ ኦቦ ጀማል ቆባቸውን አውልቀው መጡና «ነይ ግቢ፣ ልጄ። ጀልባዋ ያንቺ ናት» አሉኝ።

ውሃው ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ መቅዘፊያውን እየመቱ ይቀበላሉ። ዘፈናቸው መሃል ሮቢ፣ ሮቢ ይላሉ። በጾሜ የሚያሾፉ መስሎኝ እኔም እያጨበጨብኩ «ሮብ ቢሆንስ!» እያልኩ ተቀበልኩ። እነሱም በሳቅ ሞቱ።

ማታ ወንጂ ስመለስ አክስቴ «ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ!» አለችኝ። «ገና እሸታለሁ» አልኳት። እውነትም ከዚያ ወዲህ ያላየሁት የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ የለም።

አሁን ልጆቹ ባመጡት ፎቶ ላይ ጀልባዋን የምትቀዝፈው ሴት ናት። ዓሣውም አልሸሸም።

አንድ ነገር ግን ያወቅሁት ወልጄ፣ ከብጄ፣ አዳማ ከኖርኩ በኋላ ነው። ጎረቤቴ ጋ ቴሌቪዥን ስናይ ከረግረግ ውስጥ ጉማሬ ብቅ ቢል፣ እሷ «ሮቢ!» አለች።

«ሮቢ ቀን አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«ለቀኑም ለጉማሬውም አንድ ስም ነው» አለችኝ።

ለካ ያን ሮብ ከኋላዬ የወረደው ከብት አልነበረም።