ሚስቴን ውሃ የከለከልኩበት ምርመራ

በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት በአልትራሳውንድ ልጅ ይታያል የሚባለው ውሸት ነው። ልጅ የሚመስል ነገር የለም። ያለው አንቴናውን ነፋስ ያዞረበት ቴሌቪዥን የመሰለ ግራጫ ነገር ነው፤ በዚያ መሃል ሐኪሟ ጣቷን ታሳርፍና «ይኸው» ትላለች። የቀረውን የምትጨምረው ራስህ ነህ። ዛሬ ስልካቸውን አውጥተው «አፍንጫው የኔ ነው» የሚሉኝን ወጣት አባቶች በአክብሮት አዳምጣለሁ፤ አፍንጫውን ግን አላምንም።

ይህን የተማርኩት በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ወሎ ሰፈር ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ተከራይተን ስንኖር ነው። ባለቤቴ ሦስተኛ ወሯን ሳትጨርስ ደም ታያት። ከዚያ በፊት አንድ ጽንስ በዚያው ወር ገደማ ወርዶባት ነበር። ስለዚህ ደሙን ስታይ አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን አጣጥፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጽንሱ በሕይወት መኖሩ ይታይ ተብሎ ማሽኑ ወዳለበት ሐኪም ቤት ተላከች። ያኔ ማሽኑ ያላቸው በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ተራ እስኪደርሰን ቀናት ጠበቅን።

ቀጠሮ የሰጠቻት ነርስ «ውሃ በደንብ ጠጥተሽ፣ ሽንት ቤት ሳትገቢ ነይ» ብላት ነበር። እኔ ግን ያነበብኩ ሰው ነኝ። ስለ ሕክምና ሁለት መጻሕፍት ጨርሻለሁ፤ አንዳቸውም ስለ እርግዝና አልነበሩም።

«ተሳስታ ነው» አልኳት። «ምርመራ በባዶ ሆድ ነው።»

«ውሃ ጠጪ ነው እኮ ያለችኝ።»

«ለሌላ ሰው የሚባለውን ነው ለአንቺ የነገረችሽ።»

እኛ ዘንድ ቁም ነገር ሁሉ በባዶ ሆድ ነው፤ ቁርባኑም፣ ጠበሉም፣ የደም ምርመራውም። በየስብሰባው ስለ ሳይንሳዊ አስተሳሰብ የምለፈልፈው እኔ፣ ለማሽን ብዬ ሚስቴን አስጾምኳት። አላመነችኝም። ግን ፍርሃቱ የመከራከር አቅም ስላሳጣት ጠብታ ውሃ ሳትቀምስ ሄደች።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ። ሐኪሟ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችና በማሽኑ እጀታ ወዲያ ወዲህ ማሰስ ጀመረች። ቆየች። ከዚያ «ምንም አይታየኝም» አለች።

«ሞቷል ማለት ነው?» አለች ባለቤቴ።

«እንደሱ አልወጣኝም። ፊኛሽ ባዶ ነው። ውሃ አልጠጣሽም?»

«አልጠጣሁም።»

«ማን ከለከለሽ?»

ባለቤቴ ለካ በአገጯ ወደ መጋረጃው አመልክታለች።

ሐኪሟ መጋረጃውን ገለጠች። «ጓድ፣ የሚሠሩት ጤና ጥበቃ ነው?»

«አይደለም። የተማርኩት ፍልስፍና ነው።»

«ታውቋል» አለች። ከዚያም በዚህ ወር ማሕፀን ገና ዳሌ ውስጥ እንደተቀበረ፣ የሞላ ፊኛ አንጀቱን ገፍቶ መንገድ ካልከፈተ በስተቀር ምስሉ እንደማይጠራ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጋ አስረዳችኝ። «ይሂዱና ያጠጧት።»

ከሻይ ቤቱ በጆግ ውሃ አመጣሁ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ወሬውን ከእኔ ቀድመው ሰምተዋል።

«ጠጪ እህቴ። እሱ ይጹም» አለች አንዷ።

«ለሱም ቅጂለት» አለች ሌላዋ፣ «ማን ያውቃል፣ እሱም አርግዞ እንደሆነ።»

ባለቤቴ ጠጣች፣ ጠጣች። ቆይታ ቀጥ ብላ መቀመጥ አቃታት።

«ደህና ነሽ?» አልኳት።

«አታስቀኝ፤ ያመልጠኛል።»

የሚያስቅ ነገር አልተናገርኩም ነበር።

በሁለተኛው ምርመራ ላይ ሐኪሟ እኔንም አስገባችኝ፤ ለትምህርት ይመስለኛል። ማሳያው ላይ አንድ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ክብ ነገር ወጣ። የአባትነት ስሜት ደረቴን ነፋው።

«ትልቅ ነው» አልኩ።

«ፊኛዋ ነው» አለች ሐኪሟ።

ከዚያ ጣቷን ዝቅ አድርጋ ባቄላ የምታህል ነገር ላይ አሳረፈች። «ይኸው። ይቺ ብልጭ ብልጭ የምትለው ልቡ ነው። እየመታ ነው።»

መነጽሬን አስተካክዬ አንገቴን አሰገግኩ። ግራጫ ነው። ይበልጥ ተጠጋሁ። አሁንም ግራጫ ነው።

«ራስህን አንሳልኝ» አለች ባለቤቴ ከኋላዬ። «እኔ አላየሁትም።»

«ቆይ እስኪ» አልኳት።

በእርግጥም ያልኩት ይህንን ነው። በእኔ ትእዛዝ ደርቃ፣ በእኔ ጥፋት ተጥለቅልቃ፣ ልቡ መምታቱ በተነገረበት ሰዓት የምታየው ማጅራቴን ነበር። ሐኪሟ በትከሻዬ ይዛ ገለል አደረገችኝ። ባለቤቴ ትኩር ብላ አየች። ፊቷ ላይ ከደሙ ቀን ጀምሮ ተቋጥሮ የነበረው ነገር ሲፈታ አየሁ። «አለ» አለች፣ ቀስ ብላ። ለማንም አልነበረም የነገረችው።

እኔ ያቺን ብልጭታ ያኔም አላየሁም፤ ልጁ ዛሬ ከእኔ በቁመት ይበልጣል። መኖሩን ያመንኩት ከፊቷ ላይ አንብቤ ነው፤ ያን ቀን በትክክል ያነበብኩት ነገር እሱ ብቻ ነው።

እና አንተ፣ ሰሞኑን ሚስትህን አስከትለህ ለምርመራ የምትሄደው አንባቢ፤ ሁሉን ነገር ታውቃለህ እንበል። እባክህ ከማሳያው ፊት ዞር በልላት።