ለገና ያልታረደው በግ ፎቶ

ሞላሌ በማስተምርበት ጊዜ አከራዬ፣ ዓለም ከተማ ካገባች ልጃቸው ጋር በአንድ በግ ተኳርፈው ነበር። ልጅቱ እናቱ የሞተችበትን ግልገል በጡጦ አሳድጋ፣ «አደራ!» ብላ ነው የሄደችው። ገና ሲያልፍ ግን «አርደሽ በልተሽዋል» ብላ ድርቅ አለች። ፎቶውን ካላየች ለፋሲካ እንደማትመጣ ቁርጡን ነገረቻቸው።

«ስልክህ ፎቶ ያነሳል አይደል፣ መምህር?» አሉኝ አከራዬ።

ማስረዳት የሚያምረኝ ሰው ነኝና ደስታዬ ወሰን አጣ። «ፎቶ ማለት መጀመሪያ ቦታ ነው፣ እማማ። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ ከጀርባ ዝባዝንኬ አይኑር፤ የሚነሳውም ከጀርባው በቀለም ይለይ።»

«እሺ፤ ብቻ በጉ ይታይ» አሉ።

በማለዳ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ጉብታ ወጣን። ጉም ወረደ። ነጭ በግ በነጭ ጉም ውስጥ ገብቶ፣ ፎቶው ላይ ሁለት ዓይንና አንድ ቀንድ ብቻ ቀረ።

ቀጥሎ የበልግ ገብስ ማሳ ዳር አቆምነው። ነጭ በአረንጓዴ! ተንበርክኬ ስልኬን ሳስተካክል በጉ የፎቶውን ጀርባ መብላት ጀመረ። የማሳው ባለቤት ከካቡ ማዶ ጮኹ፦ «መምህር! አንሺው አንተ፣ በዪው እሱ፣ ከሳሪው እኔ?»

በመጨረሻ ካቡ ሥር፣ ጥርት ያለ ፎቶ አነሳሁና ላክሁት። ልጅቱ ወዲያው ስልኬ ላይ ደወለች፤ ድምፅ ማጉያውን ከፈትሁት። «እማዬ፣ ይሄ የማንም በግ ነው። ከጎረቤት ተውሰሽ ነው ያስነሳሽው!»

አከራዬ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ያኔ ገባኝ፤ ዝባዝንኬውን ሳጠፋ ቤቱንም አብሬ አጥፍቻለሁ።

«እማማ፣ የት መተኛት ይወዳል?»

ዙሪያውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መደቡ ላይ። ለሰው እንዳትናገር።»

ቤት ገባን። ጨለማ ነው፤ ከጀርባ ቢጫ ጀሪካን፣ የተሰቀለ ጃንጥላ፣ የልጅቱ የሠርግ ፎቶ። በጉ ወፍራሙ የሱፍ ባናቸው ላይ ተጋድሞ ያመሰኳል፤ እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ጆሮውን ያሻሉ። ሕጌን ሁሉ ጥሼ አነሳሁ። ደብዛዛ ሆነ፤ ላክሁት።

ስልኩ ጮኸ። «እማዬ! እኔ ስነካው የምትቆጪኝን ባና ለእሱ አነጠፍሽለት?» ሳቋ ቤቱን ሞላው። «በቃ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ።»

«ነይ፣ ነይ ልጄ!» አሉ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። ከዚያ በጉን አዩትና ትንሽ አሰቡ።

«ግን ዶሮ ነው የማርድልሽ።»