አባ ሞረድና አከራካሪው ጎራዴ

አባ ሞረድ አርባ ዓመት ሙሉ ቢላዋ ሲስል ኖሯል፤ እንደዚያ ቀን ያለ ዳኝነት ግን ገጥሞት አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቆልማማ ጎራዴ ተጋድሟል። በአንድ በኩል ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ፣ በሌላው በኩል የሟቹ ወንድም ቆመዋል። ወንድምየው ሥጋ ሻጭ ሲሆን የአባ ሞረድ ትልቁ ደንበኛ ነው።

«ከአያቶቻችን የወረደ ነው፤ ከዘራችን አይወጣም» አለ ሥጋ ሻጩ።

«ባሌ መርከበኛ ሳለ ከህንድ ያመጣው ነው» አለች ጎረቤቱ።

አባ ሞረድ ጎራዴውን አነሳው። የብረት እጀታው ጠባብ ነው፤ አናቱ ላይ እንደ ሳህን የተዘረጋ ክብ ብረት አለው። ከስለቱ ላይ ዝገቱን በጥቂቱ ፍቆ ቀጠን ያለ አሲድ ጠብ አደረገበት። ቀስ በቀስ የውኃ ሞገድ የመሰለ መስመር ብቅ አለ። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ እንዲህ ያለውን የህንድ ብረት አንዴ አሳይተውታል።

«እጀታውም ብረቱም የህንድ ነው። ታልዋር ይሉታል» አለ።

ሥጋ ሻጩ ተጠጋው። «ደግመህ እየው፣ ወዳጄ።»

«አይቼዋለሁ። በስተርጅና አልዋሽም።»

ሰውየው ለመሳል ያመጣቸውን ቢላዎች ሰብስቦ በሩን አላግቶት ወጣ፤ ዳግመኛም አልመጣም።

«ጋሼ፣ ጎዳሁህ» አለች ጎረቤቱ።

አባ ሞረድ ጎራዴውን በጨርቅ ጠርጎ አቀበላት። «ውሰጂው፣ እህቴ» አላት።